ከዳር ሰፈር እስከ ባሕር፦ ክሩዝ እና የጉዞ ኢንሹራንስ

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ባሕር ሩቅ ነው። ለቡ ካለው ባቡር ጣቢያ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያም ከ1985 ዓ.ም ወዲህ የራሷ ወደብ የላትም። ያም ሆኖ በለገጣፎ፣ በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ ስለ መርከብ ጉዞ ሲወራ መስማት እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውጭ በሚመጣ ስልክ ነው። “እማዬ፣ ዘንድሮ በመርከብ ላዝናናሽ ነው” ትላለች ልጅ። ትኬቱ ይቆረጣል፣ ቪዛው ይጀመራል። ኢንሹራንስ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ያውም ኤምባሲው ስለጠየቀ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ለኤምባሲ ተብሎ የሚገዛው ወረቀት እና ባሕር ላይ ሰው ሲታመም የሚደርሰው ውል ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ክሩዝ ማለት ተንሳፋፊ ሆቴል በሉት። ብዙውን ጊዜ ሌሊት ይጓዛል፣ ቀን ወደብ ላይ ይቆማል። መንገደኛው ሻንጣውን አንዴ ፈትቶ ሦስት አራት አገር አይቶ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ ብቻውን ከ7,000 በላይ መንገደኛ ይይዛል። ለእኛ ቅርብ ከሚባሉት መነሻ ወደቦች መካከል ዱባይ፣ የግሪኩ ፒሬየስ እና ከሮም አጠገብ ያለችው ቺቪታቬኪያ ይገኙበታል። አሜሪካ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ከማያሚ ወደ ካሪቢያን በሚነሱት መርከቦች ነው።

መድን ከየት መጣ

የመድን ሥራ ከባሕር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከቡናም ጋር። እ.ኤ.አ. በ1688 አካባቢ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ ቡና ቤት ነበረው። ካፒቴኖች፣ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች እዚያ ቡና እየጠጡ የመርከብ ወሬ ይለዋወጡ ነበር። የትኛው መርከብ ደረሰ፣ የትኛው ቀረ ይባባላሉ። ለጭነቱ ዋስ የሚሆኑ ሰዎችም እዚያው ውል ይፈርማሉ። ዛሬ በዓለም የታወቀው የሎይድስ የመድን ገበያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቡና ቤት ነው። የመንገደኛ መድን ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1864 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ጄምስ ባተርሰን የመሠረቱት ትራቨለርስ ኩባንያ ለተጓዦች የአደጋ መድን መሸጥ ጀመረ።

እኛ አገር በደርግ ጊዜ 13 የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ። በ1968 ዓ.ም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። የግል ኩባንያዎች እንደገና የተፈቀዱት በ1986 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ነው። ዘርፉን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ዛሬ የጉዞ መድን ለመግዛት ፒያሳ ወይም ስታዲየም መውረድ የግድ አይደለም። ከኮንዶሚኒየም ሥር ባሉት ሱቆች መሀል የመድን ቅርንጫፍ ቢሮ ማየት የተለመደ ሆኗል። በእርግጥ የእነዚህ ቅርንጫፎች ዋና ደንበኛ ተጓዥ አይደለም። ባለ ባጃጁ፣ ባለ አይሱዙው፣ ባለ ሚኒባሱ ነው። በአዋጅ 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ ሁሉም ይመጣል።

የዳር ሰፈር ሰው መድን አያውቅም ማለት ግን አይደለም። እድር አለ። ከመሀል ከተማ ተነስቶ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት እድር ይከፍላል። አንዱ የድሮ ሰፈሩ፣ ሁለተኛው የአዲሱ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይዋጣል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ይህ በትክክል የመድን አሠራር ነው፤ የአንዱን ከባድ ሸክም ብዙ ሰው ተካፍሎ መያዝ። እንደ እኔ እምነት የጉዞ መድንን ለወላጅ ለማስረዳት ከእድር የተሻለ ምሳሌ የለም። ልዩነቱ አንድ ነው። እድር የሚደርሰው ሰው ሰፈሩ ውስጥ እያለ ነው። ከግሪክ ደሴት ሆስፒታል ታማሚ አያመጣም።

መርከብ ላይ ምን ይለያል

ብዙ ሰው ክሩዝን እንደ አውሮፕላን ጉዞ ያስበዋል። አይደለም። አውሮፕላን ላይ የምንቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። መርከብ ላይ ሳምንት እንኖራለን። እንበላለን፣ ደረጃ እንወጣለን፣ እንታመማለን።

ትልልቆቹ መርከቦች ሐኪምና ነርስ ያለው ክሊኒክ አላቸው። ነገር ግን ነፃ አይደለም። ሂሳቡ እንደ ግል ሕክምና ይታሰባል፣ ብዙውን ጊዜም በዶላር ነው። ክፍያው ክፍሉ በተያዘበት አካውንት ላይ ይመዘገባል። መንገደኛው ከመውረዱ በፊት ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ ደረሰኙን ይዞ መድኑን ይጠይቃል። ስለዚህ ደረሰኙና የሐኪሙ ሪፖርት ከጠፉ ገንዘቡም ጠፋ ማለት ነው።

ሕመሙ ከክሊኒኩ አቅም በላይ ከሆነ ታማሚው በሚቀጥለው ወደብ ይወርዳል። መርከቡ አይጠብቅም፣ ይሄዳል። ታማሚውና አብሮት ያለው ሰው በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ሆስፒታል ደጅ ይቀራሉ። አስቸኳይ ከሆነ ሄሊኮፕተር ወይም የሕክምና አውሮፕላን ያስፈልጋል። ይህ እንደ ርቀቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፣ ከ100,000 ዶላር ሊያልፍም ይችላል። ይህን ከኪሱ የሚችል ቤተሰብ በሰፈሬ አላውቅም። በቨርጂኒያም ብዙ የለም።

ሞትም አለ። ይህን ማንሳት ብዙዎችን ያስቆጣል። “ገና ሳልሄድ አታሟርቱብኝ” ይላሉ እናቶች። እኔም አልፈርድባቸውም። ነገር ግን አስከሬን ከውጭ ማምጣት ምን ያህል እንደሚያንገላታ ያየ ሰው ያውቃል። ቤተሰብ ሐዘኑን ትቶ ገንዘብ ማሰባሰብ ይጀምራል። ጥሩ የጉዞ መድን አስከሬን ወደ አገር የመመለስ ሽፋን አለው። ጣሪያው ስንት እንደሆነ ከውሉ ላይ ማየት ነው።

መርከቡ ራሱ ሲያጠፋ ጉዳዩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የጣሊያን ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰው ሞቷል። እንዲህ ባለ አደጋ የመርከብ ኩባንያው ተጠያቂ ይሆናል። የ1974ቱ የአቴንስ ስምምነት ስለዚሁ የሚደነግግ ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ግን የኩባንያው ጥፋት አይደለም። የልብ ድካምም እንዲሁ። እዚያ ላይ ያለው ዋስትና የራስ መድን ብቻ ነው። ተላላፊ በሽታም ሌላው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ዳይመንድ ፕሪንሰስ 3,711 ሰው ይዞ በጃፓኗ ዮኮሃማ ወደብ ታግዷል። ከ700 በላይ ሰው በኮቪድ ተይዟል። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረርሽኝና ስለ ኳራንቲን ውሉ ምን እንደሚል ማንበብ ግድ ሆኗል።

የወደብ መቀየርም አለ። አየሩ ከከፋ ካፒቴኑ አንዱን ወደብ ዘሎ ማለፍ ይችላል። የትኬቱ ውል ይህን ይፈቅድለታል። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ስለሆነ ካሪቢያን ላይ ይህ የተለመደ ነው። አውሎ ነፋሱ ስም ወጥቶለት በዜና ከተነገረ በኋላ የሚገዛ መድን ደግሞ ለዚያው ነፋስ አይከፍልም።

አንድ ፌስታል መድኃኒት

አንድ ጎረቤቴ እናት አሉ፣ 68 ዓመታቸው ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ከቺቪታቬኪያ የሚነሳ መርከብ ቆረጠችላቸው። ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ከዚያ የቱርክ ወደብ ኩሻዳሲ፣ ተመልሶ ግሪክ። ወረቀቶቹን እንድመለከትላቸው ጠሩኝ። ቡናው ተፈልቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ፓስፖርቱ፣ የመድኑ ወረቀትና አንድ ጥቁር ፌስታል ነበሩ። ፌስታሉ ውስጥ ሜትፎርሚን እና አምሎዲፒን። አንዱ ለስኳር፣ አንዱ ለግፊት።

ወረቀቱ ደህና ይመስላል። ለሸንገን (በአንድ የጋራ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሽፋን አለ። ታች ላይ ግን “የሽፋን ክልል፦ የሸንገን አገሮች” ይላል። ኩሻዳሲ ሸንገን አይደለም። እዚያ ወርደው ቢወድቁ ወረቀቱ አይሠራም ማለት ነው። ሌላው የባሰ ነበር። “ቀድሞ የነበረ ሕመም አለ?” የሚል ጥያቄ አለ። ቅጹን የሞላላቸው ወጣት “የለም” ላይ ምልክት አድርጓል። ለማፋጠን ብሎ ነው። ፌስታሉ ግን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በንግድ ሕጋችን መድን የሚገባ ሰው እውነቱን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ካሳ ሲጠየቅ ኩባንያው የሕክምና ታሪክ ይጠይቃል። የተደበቀ ሕመም ከተገኘ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። እውነቱን መናገር አረቦኑን (ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ) ሊጨምር ይችላል፣ ሕመሙም ከሽፋን ውጭ ሊደረግ ይችላል። ያም ቢሆን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ቪዛውንም አየን። ለአንድ መግቢያ ብቻ የተጠየቀ ነበር። መርከቡ ከግሪክ ወጥቶ ቱርክ ደርሶ ሲመለስ እንደገና ሸንገን መግባት ነው። ስለዚህ ብዙ መግቢያ ያለው ቪዛ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለውን ቪዛ ስለገደበ ግን ይሰጥ እንደሆነ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቪዛ ጉድለት መርከቡ ላይ አትሳፈርም የተባለ ሰው መድን አይከፍለውም። የመንገደኛው ኃላፊነት ተደርጎ ነው የሚታየው።

ልጅ ከውጭ ስትገዛ

“እኔ ከዚህ እገዛላታለሁ” ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን የጉዞ መድን በአብዛኛው የሚሸጠው በመኖሪያ አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለአሜሪካ ነዋሪ ብቻ ናቸው። የመርከብ ኩባንያው ትኬት ሲቆረጥ አብሮ የሚያቀርበውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እናት ከእዚህ ብትገዛ ይመረጣል፣ ወይም ልጅ የኢትዮጵያ ነዋሪን የሚቀበል ውል መፈለግ አለባት። እዚያው አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ደግሞ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) አለን ብለው እንዳይዘናጉ። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በጥቅሉ አይከፍልም። መርከብ ላይም ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት በላይ ከራቁ አይሠራም።

በአሜሪካ ገበያ የተሟላ መድን በአብዛኛው ከጉዞው ዋጋ ከ4 እስከ 10 በመቶ ያስወጣል። “በማንኛውም ምክንያት ብሰርዝ” የሚለው ሽፋን ይበልጥ ውድ ነው፤ የሚመልሰውም ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተገዛም አይገኝም። እዚህ አገር ዋጋው የሚወሰነው በዕድሜ፣ በቀን ብዛትና በሚሸፈነው የዓለም ክፍል ነው። ከ65 ወይም ከ70 ዓመት በላይ ሲሆን ይጨምራል።

መግዛት ወይስ መተው

እኔ ሁለቱን ነገሮች ለይቼ ነው የማየው። አንደኛው የትኬት ገንዘብ ነው። ጉዞው ቢሰረዝ የሚጠፋው እሱ ነው። ያናድዳል፣ ቤት ግን አያፈርስም። ትኬቱ ርካሽ ከሆነና ልጅ ከቻለች ይህን ሽፋን መተው ይቻላል። ሁለተኛው ሕክምና፣ ከመርከብ ማውጣትና ወደ አገር መመለስ ነው። ይህ ቤት ያሸጣል። በተለይ ዕድሜው ለገፋና መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህን ሳይዙ መርከብ ላይ መውጣት ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ጤነኛ ወጣት ሆኖ ዱባይ ላይ ሦስት ቀን ለሚንሳፈፍ ሰው ነገሩ ይቀላል፤ ለእሱም ግን የሕክምናው ክፍል አይቅር።

ስትገዙ ቀኑን እዩ። ሽፋኑ የሚጀምረው መርከቡ ከሚነሳበት ቀን ሳይሆን ከቦሌ ከምትነሱበት ቀን ነው መሆን ያለበት። በረራ ስለሚዘገይ ለመመለሻ ሁለት ቀን ጨምሩ። መርከቡ ከሚነሳበት አንድ ቀን ቀድማችሁ ከተማው ግቡ። ስሙም ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ይግጠም። የአያት ስም በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆኖ ሲጻፍ ብዙ አይቻለሁ።

ጎረቤቴን በማግስቱ አያት ወዳለው ቅርንጫፍ ወሰድኳቸው። ክልሉ “መላው ዓለም” ተባለ፣ ሕመማቸውም ተጻፈ። ልዩነቱን ከፈሉ። ሕመሙ በድንገት ከተባባሰ አስቸኳይ ሕክምናው እንደሚሸፈን፣ መደበኛ ክትትሉ ግን እንደማይሸፈን ሠራተኛዋ ከውሉ ላይ እያሳየች አስረዳቻቸው። የትኬት መሰረዣውን ሽፋን ተዉት። ቪዛው በብዙ መግቢያ እንዲጠየቅ ማመልከቻው ተስተካከለ። የ24 ሰዓቱን የእርዳታ ስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፈን ከመድኃኒቱ ጋር እጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተትነው፤ ሆስፒታል ከመግባት በፊት መደወል በውሉ ግዴታ ስለሆነ። ፎቶውንም ለልጃቸው በቴሌግራም ላክንላት።