የሜርኩሪ ባዮሞኒተሪንግ ምንድን ነው?

አንድ ሰው ምን ያህል ሜርኩሪ እንደገባበት ለማወቅ ዓሣውን፣ ውሃውንና አየሩን ለክቶ መገመት ይቻላል። ግምቱን ትቶ ሰውየውን ራሱን፣ ማለትም ፀጉሩን፣ ደሙን ወይም ሽንቱን መለካትም ይቻላል። ባዮሞኒተሪንግ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። በሜርኩሪ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለኩት እናቶችና ልጆች ናቸው።

ለምን እነሱ? መልሱ የተገኘው ጃፓን ውስጥ ነው፣ ያውም በከባድ ዋጋ። በሚናማታ የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር፤ የባሕሩን ዓሣ የበሉ ሰዎች ታመሙ፤ በሽታው እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ ታወቀ። ራሳቸው እምብዛም ያልታመሙ እናቶች ግን አእምሯቸውና አካላቸው ክፉኛ የተጎዳ ልጆችን ወለዱ። ዓሣ ውስጥ የሚከማቸው የሜርኩሪ ዓይነት፣ ሜቲልሜርኩሪ፣ የእንግዴ ልጁን በቀላሉ ያልፋል፤ እንዲያውም በእትብት ደም ውስጥ ያለው መጠን ከእናትየዋ ደም በአማካይ በ1.7 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ የእናት ደህንነት ለፅንሱ ዋስትና አይሆንም። በጃፓን ቤተሰቦች የልጃቸውን እትብት አድርቀው የማስቀመጥ ልማድ ስላላቸው፣ ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ እነዚያን እትብቶች ለክተው ልጆቹ በማህፀን ሳሉ ምን እንደደረሰባቸው ማወቅ ችለዋል።

ዛሬ በብዛት የሚወሰደው ናሙና ፀጉር ነው፤ አያምም፣ ማቀዝቀዣም አይፈልግም። ሜቲልሜርኩሪ ፀጉሩ ሲፈጠር ከደም ይገባና እዚያው ይቀራል፤ በኋላ ደሙ ቢጠራም ፀጉሩ የያዘውን አይለቅም። መጠኑም በደም ውስጥ ካለው 250 እጥፍ ያህል ስለሆነ ለመለካት ይመቻል። ከማጅራት በላይ ካለው ቦታ ጥቂት ፀጉር ቆዳው አጠገብ በመቀስ ተቆርጦ በክር ይታሰራል፤ በሥሩ በኩል ያለው ጫፍም ምልክት ይደረግበታል። ይህች ምልክት ትንሽ ትመስላለች እንጂ ያለ እሷ ግማሹ መረጃ ይጠፋል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ በቅርቡ የወለደች እናት ከሥሩ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ፀጉር ካላት የእርግዝናዋ ወራት በተራ ተደርድረው ይገኛሉ።

ኢራቅ ውስጥ ፀጉር በዚህ መንገድ ተነቧል። እ.ኤ.አ. በ1971 እና 1972 ለዘር የመጣ፣ በሜቲልሜርኩሪ ፀረ ፈንገስ የታሸ እህል ተፈጭቶ ዳቦ ተጋገረ፤ 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፣ 459ኙም እዚያው ሞቱ። የነፍሰ ጡሮቹ ፀጉር በየሴንቲ ሜትሩ ሲለካ መርዙ በስንተኛው ወር እንደበረታ ታየ።

ይሁን እንጂ ፀጉር ሁሉንም አይናገርም። ቆዳ የሚያነጡ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ሌላ ዓይነት ነው፤ የሚፈለገውም በሽንት ነው። ክሬም የምትቀባን እናት ፀጉር ለክቶ «ነፃ ነሽ» ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ካለመለካት ይብሳል። ወርቅ በሜርኩሪ በሚነጠርበት ቦታ ደግሞ እንፋሎቱ ከውጭ ፀጉሩ ላይ ስለሚያርፍ ውጤቱን ያዛባል፤ ፐርም በተቃራኒው መጠኑን ይቀንሳል። ደም የሚያሳየው የቅርቡን ጊዜ ነው፤ በውስጡ ያለው ሜቲልሜርኩሪ በ50 ቀን ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ቁጥሩ ከመጣ በኋላስ? በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ስሌት መሠረት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ወሰን በ1 ግራም ፀጉር 1 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ይህ በሽታ የሚጀምርበት መስመር አይደለም። ዓሣና የዓሣ ነባሪ ሥጋ በሚበላባቸው በፋሮ ደሴቶች የተወለዱ ልጆች ተጠንተው፣ በእትብት ደም ውስጥ በሊትር 58 ማይክሮግራም ለወሰኑ ስሌት መነሻ ሆነ፤ ከዚያ ለጥንቃቄ ለ10 ተካፈለ። በ1 ግራም ፀጉር 1.5 ማይክሮግራም የወጣላት እናት እንግዲህ ታማሚ አይደለችም፤ የጥንቃቄው ህዳግ ግን ጠቦባታል። በሲሼልስ፣ የእናቶች አማካይ የፀጉር መጠን 6.8 በነበረበት ጥናት፣ በልጆቹ ላይ ግልጽ ጉዳት አልታየም፤ አንዱ ማብራሪያ ዓሣው ራሱ ለአንጎል የሚጠቅም ቅባት ስላለው ነው የሚል ነው።

ለዚህ ነው ቁጥሩን ብቻ ሰጥቶ እናትን ማሰናበት የማይገባው። ፈርታ ዓሣ ጨርሳ ብትተው ልጇ የሚጠቅመውን ቅባት ያጣል። የሚሻለው እንደ ሻርክና ሰይፍ ዓሣ ያሉትን፣ ሌሎች ዓሦችን እየበሉ ሜርኩሪ የሚያከማቹ ትልልቆችን ትታ እንደ ሰርዲን ያሉ ትንንሾቹን እንድትመርጥ መንገር ነው። እናትና ልጅ ከአንድ ማዕድ ስለሚበሉ የሁለቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል፤ ከእናትየዋ ጋር የልጁም ፀጉር ቢለካ መልካም ነው። ከሦስት ወር በኋላ ከሥሩ በኩል አዲስ የበቀለው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር እንደገና ሲለካ ለውጡ መሥራት አለመሥራቱ ይታያል።