ተከታታይ የሕክምና ትምህርት በሀዋሳ፦ የቤተሰብና የጠቅላላ ሐኪሞች የዘወትር ፈተናዎች

ተከታታይ የሕክምና ትምህርት በሥራ ላይ ያለ ሐኪም ከምረቃ በኋላ ዕውቀቱንና ክህሎቱን እያደሰ እንዲቆይ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። በኢትዮጵያ ባለሙያዎች በአብዛኛው ሲፒዲ ይሉታል። በሥልጠና የሚገኘው ነጥብ የሙያ ፈቃድን ከማደስ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሥልጠናውን የሚሰጡት ለዚሁ ዕውቅና ያገኙ ተቋማት ናቸው።

የቤተሰብ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ዘርፍ ሆኖ በኢትዮጵያ የተጀመረው በቅርቡ ነው። የመጀመሪያውን የስፔሻሊቲ መርሐ ግብር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። በዚህም ምክንያት በሌሎች አገሮች የቤተሰብ ሐኪም የሚሠራውን ሥራ ሀዋሳን በመሳሰሉ ከተሞች በዋናነት የሚሸፍኑት ጠቅላላ ሐኪሞች፣ በጤና ጣቢያዎች ደግሞ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው። ለቤተሰብ ሐኪሞች ተብሎ የሚዘጋጅ ሥልጠና እነዚህን ባለሙያዎች ካላካተተ አብዛኛው ታካሚ ከጥቅሙ ውጭ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሀዋሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። በከተማዋ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከነማስተማሪያ ሆስፒታሉ፣ እንዲሁም የአዳሬ ሆስፒታል ይገኛሉ። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተለመደው የጠዋት ስብሰባ፣ ሐኪሞች ሞርኒንግ ሴሽን የሚሉት፣ የአዳር ተረኛው የተቀበላቸውን ሕሙማን ለባልደረቦቹና ለመምህራኑ የሚያቀርብበት ነው። ነጥብ ባይያዝበትም የሐኪም አስተሳሰብ ከሁሉ ይልቅ የሚገራው በዚህ መድረክ ነው፤ በግል ክሊኒክ ብቻውን የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ግን ይህን ዕድል አያገኝም።

ከሥልጠና መሣሪያዎች መካከል ልዩ ትኩረት የሚገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅ ክሊኒካዊ መመሪያ ነው። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ከተዘጋጀ ሥራ ተወስዶ ለአገራችን ሁኔታ የተስማማው ይህ መመሪያ፣ ከበሽታ ስም ሳይሆን ታካሚው ከሚናገረው ሕመም ይነሣል፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም። ታካሚ የምርመራ ውጤቱን ይዞ ሳይሆን ሕመሙን ይዞ ስለሚመጣ፣ ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚስማማው አቀራረብ ይኸው ነው።

ትኩሳት ከሁሉም የበለጠ ፈታኝ ነው። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች በመሆኗ ወባ ይከሰትባታል፤ በኢትዮጵያም ፋልሲፓረምና ቪቫክስ የተባሉት ሁለት የወባ ተውሳክ ዓይነቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። በቪቫክስ የታመመ ሰው ክሎሮኪን ወስዶ ቢሻለውም፣ በጉበት ውስጥ የተደበቀው ተውሳክ በፕሪማኪን ካልጠፋ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል፤ ፕሪማኪን ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ፈጣን ምርመራውም ቢሆን ፍጹም አይደለም። አንዳንዶቹ ኪቶች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የማያመነጩ የፋልሲፓረም ዓይነቶች በኢትዮጵያ ስለተገኙ፣ ምልክቱ ወባን አጥብቆ የሚያመለክት ከሆነ ደም በማይክሮስኮፕ መታየት ይኖርበታል።

ወባ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ያለው ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ታካሚዎች «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» እያሉ፣ ዊዳልና ዌል ፊሊክስ የተባሉ የደም ምርመራዎችን ውጤት ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ ምርመራዎች የሚለኩት በደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላትን ስለሆነ፣ ቀደም ሲል ያለፈ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ውጤቱን አዎንታዊ ሊያደርገው ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የዊዳል ውጤት ብቻ ተመርኩዞ አንቲባዮቲክ ማዘዝ ተገቢ አይደለም። ታይፎይድን የሚያረጋግጠው የደም ከልቸር (በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ የሚያሳይ ምርመራ) በየጤና ጣቢያው አለመኖሩ የሐኪሙን ውሳኔ ከባድ ያደርገዋል። ስለዚህ ሥልጠናው የትኩሳቱን የቆይታ ጊዜ መጠየቅን፣ ታካሚውን ከራስ እስከ እግሩ መመርመርንና መቼ መልሶ ማየት እንደሚገባ ማስተማር አለበት። ያለ በቂ ምክንያት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ስለሚያበራክት፣ ጉዳቱ ከአንዱ ታካሚ አልፎ ሌላውንም ይነካል።

ሁለተኛው የዘወትር አቤቱታ ጨጓራ ነው። ኤች ፓይሎሪ በተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ላይ የሚደረገው የደም ምርመራ ከተሳካ ሕክምና በኋላም ለረጅም ጊዜ አዎንታዊ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል፣ ይህን ባለመረዳት ታካሚው ደጋግሞ አንቲባዮቲክ እንዲወስድ ይደረጋል። ባክቴሪያው መጥፋቱን ለማወቅ የሚመረጠው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ መደረግ አለበት። ክብደት መቀነስ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ለኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ለማየት) መላክ አለበት እንጂ በኪኒን ብቻ ሊሸኝ አይገባም።

የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያዩ ቀናት ሲደጋገም እንደ በሽታ ይያዛል። የአለካኩ ጉዳይ ቀላል ቢመስልም ብዙ ስህተት የሚፈጸመው እዚያ ላይ ነው፦ ታካሚው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ክንዱ በልብ ትክክል መደገፍ፣ ከመለካቱ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓትም ቡና አለመጠጣት ይኖርበታል። ጫት መቃሙም መጠየቅ አለበት።

ለሀዋሳና ለአካባቢዋ የተለዩ ጉዳዮችም አሉ። በሐይቁ ዙሪያ የአንጀት ብልሃርዝያ ይተላለፋል፤ ዓሣ አስጋሪ ወይም በሐይቁ የሚዋኝ ልጅ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘው ይህ መታሰብ አለበት። ሕክምናው በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ፕራዚኳንቴል ነው። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ የከርሰ ምድር ውኃዎች ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ወሰን ስለሚበልጥ፣ የጥርስ መበለዝ፣ ሲቆይም የወገብና የመገጣጠሚያ መገተር ያስከትላል። ለእንዲህ ያለ የወገብ ሕመም «የምትጠጣው ውኃ ከየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከማስታገሻ መቅደም አለበት።

የሥልጠና ውጤት በአብዛኛው የሚለካው ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በሚሰጥ የጽሑፍ ፈተና ነው። ይህ ግን ሰልጣኙ ምን እንዳስታወሰ ብቻ ያሳያል። የሐኪሙ ውሳኔ መለወጡ የሚታወቀው ከሥልጠናው ወራት በኋላ የታካሚዎችን ካርድ አውጥቶ፣ በዊዳል ውጤት ብቻ ስንት አንቲባዮቲክ እንደታዘዘ፣ ቪቫክስ ካለባቸው ውስጥ ፕሪማኪን ያገኙት ምን ያህል እንደሆኑ በመቁጠር ነው። ለዚህ ካርዱ ላይ በሚነበብ ጽሑፍ መመዝገብና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሚያስፈልግ፣ ሥራው በትንሽ ጤና ጣቢያም ሊሠራ ይችላል።