ከአማካይ መሬት በላይ ከፍታ ምንድን ነው? ስለ ትንንሽ ኤፍኤም ጣቢያዎች አንቴና

ስለ አነስተኛ ኃይል ኤፍኤም ጣቢያ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋቱ ነው። ስንት ዋት ነው? 100? ኧረ ትንሽ ነው! ወሬው እዚያው ያልቃል። አንቴናው የት ነው የተሰቀለው ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ጣቢያው የት ድረስ እንደሚሰማና ማንን እንደሚረብሽ በአብዛኛው የሚወስነው ግን እሱ ነው።

በአሜሪካ ኤልፒኤፍኤም (አነስተኛ ኃይል ኤፍኤም ማለት ነው) የሚባሉትን ጣቢያዎች እንውሰድ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ፣ ይህን አገልግሎት የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ፈቃዱ ለንግድ አይሰጥም፤ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ድርጅቶች ናቸው የሚያገኙት። የኃይሉ ጣራ «100 ዋት በ30 ሜትር» ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ 30 ሜትር የሚረዝም ማማ ይመስለዋል። አይደለም። 30 ሜትሩ የሚለካው ከአማካይ መሬት በላይ ነው፤ መሐንዲሶቹ በአጭሩ ሃት ይሉታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንቴናው ቦታ ተነስታችሁ በ8 አቅጣጫ፣ በየ45 ዲግሪው፣ መስመር ትዘረጋላችሁ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከ3 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት መሬቱ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ትወስዱና አማካዩን ታወጣላችሁ። ከዚያ አንቴናው ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ካለው ከፍታ ላይ ያንን አማካይ ትቀንሳላችሁ። የቀረው ቁጥር ሃት ነው። በቃ።

ስለዚህ ከአካባቢው አማካይ 90 ሜትር ከፍ ብሎ በቆመ ኮረብታ ላይ 12 ሜትር ምሰሶ ብትተክሉ ሃቱ 102 ሜትር ይሆናል። በተቃራኒው ዙሪያውን ተራራ በከበበው ጎድጓዳ ቦታ ላይ 30 ሜትር ማማ አቁማችሁ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሊወጣ ይችላል። የሚያናድደው ደግሞ፣ ጉድጓድ ውስጥ ናችሁና ካሣ ይሁናችሁ ተብሎ ዋት አይጨመርም። 100 ጣራ ነው።

ከፍታ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ለምንድን ነው? አብዛኛው ሰው «አድማስ» ይላል። እውነት አለው፤ የራዲዮ አድማስ በኪሎ ሜትር ሲሰላ የከፍታው ስኩዌር ሩት በ4.12 ተባዝቶ የሚወጣው ነው። ለ10 ሜትር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለ30 ሜትር 23 ገደማ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፣ ለ100 ዋት ጣቢያ የሚታሰበው የአገልግሎት ክልል 5.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አድማሱ እኮ ከዚያ ብዙ ይርቃል! ታዲያ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ችግሩ መሬቱ ነው። ከአንቴናው የሚወጣው ሞገድ ወደ እናንተ ራዲዮ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው መሬት ላይ ነጥሮ። መሬቱን ዝቅ ባለ ማዕዘን ገጭቶ የሚነጥረው ሞገድ ተገልብጦ ነው የሚነሳው፤ ማለትም የአንዱ ጫፍ የሌላው ሸለቆ ላይ ይወድቃል። አንቴናው ዝቅ ካለ የሁለቱ መንገድ ርዝመት እኩል ለመሆን ምንም አይቀረው፣ ስለዚህ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አንቴናው ከፍ ሲል የሁለቱ ርዝመት ይለያያል፤ መጠፋፋቱም ይቀንሳል። ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ስለሆነ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር አካባቢ ነው። ለዚህ ሞገድ የ5 እና የ10 ሜትር የከፍታ ልዩነት ቀልድ አይደለም።

በሜዳማ መሬት፣ ዝቅ ባለ አንቴናና ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ውጤቱ በጣም ደስ ይላል፤ ከፍታውን እጥፍ ስታደርጉ የሲግናሉ መጠን እጥፍ ይሆናል። በዋት ከሄድን ያንኑ ለማግኘት ኃይሉን 4 እጥፍ ማድረግ ነበረባችሁ። ከ10 ወደ 20 ሜትር መውጣት ማለት 25 ዋቱን 100 ማድረግ ማለት ነው። አድማጩም ጋ ያው ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ራዲዮ የማይዘውን ጣቢያ ጣሪያ ላይ ያለ አንቴና ይዞ ቁጭ ይላል።

ኤፍሲሲም ይህን ስለሚያውቅ ሃቱ ከ30 ሜትር ሲያልፍ ዋቱን ይቀንሳል፤ ክልሉ እዚያው 5.6 ኪሎ ሜትር ላይ እንዲቆይ። 100 ሜትር ሃት ላይ የሚፈቀደው ወደ 9 ዋት ነው። ዘጠኝ! ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የተበደለ ይመስለዋል። ግን በስሌቱ የጠፋ ክልል የለም፣ የኤሌክትሪክ ወጪውም ይቀንሳል።

አሁን ወደ መረበሽ እንምጣ፤ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው።

ለመሰማት የሚያስፈልገው ሲግናልና ለመረበሽ የሚበቃው ሲግናል እኩል አይደሉም። የሲግናል ጥንካሬ የሚለካው በሜትር ስንት ሚሊቮልት ተብሎ ነው። የአንድ ጣቢያ ሲግናል በሜትር 1 ሚሊቮልት እስከሆነ ድረስ ጥሩ ይሰማል ተብሎ ይታሰባል፤ የ5.6 ኪሎ ሜትሩ ድንበር ያ ነው። በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለን ሌላ ጣቢያ ለመረበሽ ግን የዚያ አንድ አሥረኛ ይበቃል። ስለዚህ ጣቢያችሁ ከማይሰማበት ቦታ አልፎም ይረብሻል፤ ለዚህ ነው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ ሁለት ኤልፒኤፍኤም ጣቢያዎች ቢያንስ 24 ኪሎ ሜትር እንዲራራቁ የሚጠየቀው። በመሃል በመኪና ስታልፉ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ይመጣል፣ ተመልሶ ደግሞ የመጀመሪያው። የኤፍኤም ራዲዮ ጠባዩ ነው፤ ትንሽ በለጥ ያለውን ይይዝና ሌላውን ይጥላል።

አንቴናውን ከፍ አድርጋችሁ ስትሰቅሉ እንግዲህ ይህ የመረበሽ ክልልም አብሮ ይሰፋል። ዋቱ ተቀንሶም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይካካስም። 9 ዋት በ100 ሜትርና 100 ዋት በ30 ሜትር ወረቀት ላይ አንድ ክልል አላቸው፤ ከዚያ ክልል ውጭ ግን ከፍ ያለው ሲግናሉ ቶሎ አይሞትም፤ አድማሱ ይርቃልና።

ግን ከፍታ ሁልጊዜ ረባሽ አይደለም፤ ከአንቴናው ሥር ላሉት እንዲያውም እፎይታ ነው። ፍሪኩዌንሲው ከእናንተ 0.4 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚርቅ ትልቅ ጣቢያ አለ እንበል። እሱን ለመረበሽ የእናንተ ሲግናል ከሱ 100 እጥፍ መብለጥ አለበት። ትልቁ ጣቢያ አካባቢያችሁ የሚደርሰው በሜትር 10 ሚሊቮልት ሆኖ ከሆነ፣ የ100 ዋት አንቴና ያንን 100 እጥፍ የሚያልፈው እስከ 70 ሜትር ርቀት ብቻ ነው። አንቴናው 30 ሜትር ላይ ሲሆን መሬት ላይ 63 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ይነካል፤ እዚያ ያሉ ቤቶች ትልቁን ጣቢያ ሊያጡት ይችላሉ። 80 ሜትር ላይ ስቀሉት፣ መሬት አይደርስም። ብዙ ክፍል ያላቸውና ወደ ታች እምብዛም የማይረጩ አንቴናዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 በአሜሪካ የጸደቀው የአካባቢ ማኅበረሰብ ራዲዮ ሕግ ለእንዲህ ያለው ቅርበት ኤፍሲሲ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ በር ከፍቷል፤ አመልካቾች የሚያቀርቡት ማስረጃም ብዙ ጊዜ ይኸው የከፍታ ስሌት ነው። ባጭሩ፣ ከፍታ ረብሻውን ከቅርብ ጎረቤት ላይ አንስቶ ሩቅ ላለው ሰው ይሰጠዋል።

ስለ ኬብሉም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አንቴናው ከፍ ባለ ቁጥር ኬብሉ ይረዝማል። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭኑ ኬብል በ30 ሜትር ርዝመት ከ100 ዋቱ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው ላይ የሚያደርሰው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ግማሽ ኢንች የሚወፍረው የማማ ኬብል ግን በዚያው ርዝመት 85 ከመቶውን ያደርሳል። በእርግጥ ፈቃዱ ላይ የሚቆጠረው ከአንቴናው የሚወጣው ኃይል ስለሆነ የጠፋውን በማሰራጫው ማካካስ ይቻላል፤ ማሰራጫው አቅም ካለው።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ሃት ጥሩ ቁጥር ነው፣ ግን የተሠራው ለትልልቅ ጣቢያዎች ነው ብዬ አምናለሁ። ስሌቱ የሚጀምረው ከ3 ኪሎ ሜትር ነው ብያለሁ። ከአንቴናው 1 ኪሎ ሜትር ላይ አፍንጫችሁ ሥር የቆመ ኮረብታ በቁጥሩ ውስጥ የለም ማለት ነው! በአንጻሩ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ያለው መሬት ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ደግሞ ከ5.6 ኪሎ ሜትሩ ክልል ውጭ ነው። አድማጭ የሌላችሁ ቦታ ያለ ሸለቆ ሃታችሁን ከፍ አድርጎ ዋታችሁን ሊያስቀንስ ይችላል። አማካይ ስለሆነም ያታልላል፤ በምሥራቅ 150 ሜትር ገደል፣ በምዕራብ ተራራ ቢሆን ሃቱ «30 ሜትር» ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ምሥራቅ ያሉት እየሰሙ ምዕራብ ያሉት ጭራሽ ላይሰሙ።

ስለዚህ ቦታ የሚመርጥ ሰው ሃቱን ለማመልከቻው ያስላ። አድማጮቹ ወደሚኖሩበት አቅጣጫ ግን የመሬቱን ቅርጽ ከዜሮ ኪሎ ሜትር ጀምሮ ለየብቻው ይይ። ሎንግሊ-ራይስ የሚባለው ስሌት መሬቱን ነጥብ በነጥብ እየተከተለ ይሠራል፤ እሱን የሚያሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮችም አሉ። ሁለት ቦታ አወዳድሩ፣ 10 ሜትር ጨምሩ፣ ቀንሱ፣ ካርታው ላይ የትኛው ሰፈር እንደሚበራና የትኛው እንደሚጠፋ እዩ። ማማ ከመግዛታችሁ በፊት።