ፀሐይ የምታጋልጠው ጭረት፦ የመኪና ቀለምና የማሽን ፖሊሽ

ጥቁር መኪና ከላቫጆ ወጥታ ጥላ ሥር ስትቆም መስታወት ትመስላለች። ወደ ፀሐይ አውጧት። ኮፈኑ ላይ፣ የፀሐይዋ ነጸብራቅ ባረፈበት ዙሪያ፣ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ ይላሉ። ብዙ ባለመኪና "ቀለሙ አረጀ" ይላል። አላረጀም፣ ተቧጭሯል። የቧጨረውም አብዛኛውን ጊዜ ሊያጸዳው የመጣው ጨርቅ ነው።

ጭረቶቹ ክብ መምሰላቸው ደግሞ የዓይን ጨዋታ ነው። አብዛኞቹ ወደየአቅጣጫው የተበተኑ አጫጭር መስመሮች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት አቀማመጣቸው የተመቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይዋን ከበው የተደረደሩ ይመስለናል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ፤ ክቡ አብሯችሁ ይሄዳል። በነጭና በብርማ መኪና ላይም ጭረቱ አለ፣ ግን ዓይን ውስጥ አይገባም። ነጭ መኪና የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

የዛሬ መኪና ቀለም ንብርብር ነው። ከታች ዝገት መከላከያው፣ ቀጥሎ ቀለሙ እንዲይዝ የሚቀባው ፕራይመር፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ቀለም የሌለው ክሊር። ይህ አሠራር በዓለም ገበያ በስፋት የተለመደው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ሁሉም ንብርብር ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ይሆናል። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። አንድ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ወደ 100 ማይክሮን ይወፍራል። እንግዲህ ፀሐይን፣ ዝናብንና የወፍ ኩስን የሚችለው ንብርብር የአንድ ወረቀት ግማሽ ቢሆን ነው።

ፖሊሽ፣ ማለትም ቀለሙን በማሽንና በደቃቅ ማለስለሻ ማሸት፣ የሚሠራው እዚህ ንብርብር ላይ ነው። በአግባቡ ሲሠራ ጭረቱን አይሞላውም። አናጺ እንጨት እንደሚልገው፣ በዙሪያው ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ይልገዋል። ቀላል ሥራ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ያነሳል። ኮምፓውንድ የሚባለው ሻካራ ማለስለሻ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። የተነሳው አይመለስም። ስለዚህ "በየሦስት ወሩ ፖሊሽ አስደርግ" የሚል ምክር የሰጣችሁ ሰው ካለ፣ ለመኪናው አላሰበም።

ባለሙያ ማሽኑን ከመሰካቱ በፊት የሚያወጣው የቀለም ውፍረት መለኪያ ነው። መጠኑ የእጅ ስልክ የሚያህል ነው፤ ብረቱ ላይ ሲያስጠጉት በማይክሮን ያነባል። እኛ አገር መለኪያው ሌላም ነገር ያወራል። አንዱ በር 120፣ ቀጣዩ 600 ካለ፣ ያ በር ተመቶ ስቱኮ ሳይለጠፍበት አይቀርም። "ኦሪጅናል ቀለም ነው፣ አልተነካም" ብሎ የማለ ደላላ እዚህ ጋ ዝም ይላል። ፓራውልቱ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ተራው መለኪያ ምንም አያነብለትም።

ማሽኖቹ በሁለት ይከፈላሉ። የቀድሞው ሮታሪ እንደ ግራይንደር በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ ይሽከረከራል። ኃይለኛ ነው፣ ቶሎ ይቆርጣል። አንድ ቦታ ላይ ካቆዩት ግን ቀለሙን ያግለዋል፤ ጠርዝ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ክሊሩን ጨርሶ ሊያነሳው ይችላል። ባልሠለጠነ እጅ ደግሞ የራሱን ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ጥላ የመሰለ፣ ባለሙያዎች ሆሎግራም የሚሉት። ጭረት ሊያስጠፋ ገብቶ በሌላ ጭረት የወጣ መኪና በየመንገዱ አለ።

ሁለተኛው ድዩዋል አክሽን ነው። ፖሊሹን የሚያሸው ስፖንጅ ይሽከረከራል፣ በዚያው ላይ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። የውዝዋዜው ስፋት እንደ ማሽኑ 8፣ 15 ወይም 21 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በብዙዎቹ ዓይነቶች ላይ አብዝታችሁ ከተጫናችሁ ስፖንጁ መሽከርከሩን ያቆማል፤ ለጀማሪ መድኅኑ ይኼ ነው። የድሮ ባለሙያ ዘዴ አለው። ስፖንጁ በሚለጠፍበት ሳህን ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር ይሰመራል። መስመሩ ሲዞር ከታየ ሥራ አለ። ቀጥ ብሎ ከተንቀጠቀጠ እጃችሁ ከብዷል።

የዚህ ዕቃ ገበያ የቆየ ነው። የጀርመኑ ሜንዘርና ከ1888 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለስለሻ ይሠራል። የአሜሪካው ሜጓየርስ በ1901 ሲጀምር የቤት ዕቃ ማስዋቢያ ነበር የሚያመርተው። መኪና የኋላ ነገር ነው። የጣሊያኑ ሩፔስ በ1947 ሚላን አካባቢ ተቋቋመ፤ ሰፊ የሚወዛወዙትን ማሽኖች ይበልጥ ያስለመደው እሱ ነው።

ሥራው ራሱ ከሚታሰበው በላይ ዝግጅት ነው። መኪናው ይታጠባል። ዓይን የማያየው፣ መዳፍ ግን የሚሰማው ሻካራ ነገር ክሌይ በሚባል ሊጥ መሳይ ማጽጃ ይነሳል። የመስኮት ጎማ ጠርዝ፣ አርማና ስለታም መታጠፊያ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኮፈን አይገባም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የምትሆን ቦታ ትመረጥና በለስላሳው ስፖንጅና በደቃቁ ፖሊሽ ትሞከራለች። ካልበቃ አንድ ደረጃ ይሻክራል። ማሽኑ በዝግታ፣ አንዴ በአግድም አንዴ በቁመት ይሄዳል፤ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ ይረግጣል። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ከሆነ ግን ቢተዉት ይሻላል። እሱን ለማጥፋት መነሳት ያለበት ክሊር ከተረፈው በላይ ሊሆን ይችላል።

አንድ የሚያስቆጣ ነገር አለ። አንዳንድ ፖሊሽ ዘይትና መሙያ አለው። ጭረቱን ሞልቶ ይደብቃል። መኪናው የሽያጭ ቀን ያብረቀርቃል፣ ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ የሸረሪት ድሩ ተመልሶ ይመጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። በውኃ በቀጠነ አልኮል ጠርጉትና በባትሪ መብራት እዩት።

ከፖሊሹ በኋላ ቀለሙን የሚጠብቅ ዋክስ (ሰም) ወይም ሴራሚክ ኮቲንግ የሚባል ጠንካራ ሽፋን ይቀባል። ሴራሚኩ ላይ "9ኤች ጥንካሬ" የሚል ይጻፋል። ይህ ቁጥር በእርሳስ ጭረት የሚለካ ነው፤ ድንጋይ ይችላል ማለት አይደለም። አሸዋ ያዘለ ጨርቅ ይቧጭረዋል።

ወደ ጨርቁ ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየጠዋቱ የሚታይ ነገር ነው። የግንባታ አቧራ የለበሰ መኪና በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ወይም ጎማ ባጠበው ባልዲና ጨርቅ ጣሪያው ይደገማል። አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ብሩሽ በሚያሽከረክረው አውቶማቲክ ማጠቢያ ያንኑ ያገኙታል፤ ብሩሹ የእናንተን ብቻ ሳይሆን ከፊታችሁ የታጠበውን ፒክአፕ ጭቃ ይዞ ይመጣል። መላው ብዙ ወጪ የለውም። መጀመሪያ አቧራውን በውኃ ማውረድ፣ ሁለት ባልዲ መያዝ፣ አንዱን ለሳሙና ሌላውን ለማለቅለቂያ፣ ለጎማ የተለየ ጨርቅ መመደብ። የማይክሮፋይበር ጨርቁ ከእጅ አምልጦ መሬት ከነካ ደግሞ ለዚያ ቀን ወደ ቀለሙ አይመለስም። ወደ ጎማው ይወርዳል።