ፎቶ መሳይ የኤአይ ምስል ምንድን ነው? መሥሪያውንስ በምን እንምረጥ?

በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በሶኒ የዓለም የፎቶግራፍ ሽልማት ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ምስል ከዘርፎቹ በአንዱ አሸነፈ። ሁለት ሴቶች ይታያሉ። አንዷ ከሌላዋ ጀርባ ተጠልላለች። ከአያት አልበም የወጣ የድሮ ፎቶ ነው ብትባሉ ታምናላችሁ። አቅራቢው ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን ግን ሽልማቱን አልቀበልም አለ። ምስሉ የካሜራ ሳይሆን የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሥራ ነበር። ያስገባውም ውድድሮች ለእንዲህ ያለ ነገር ተዘጋጅተው እንደሆነ ሊፈትን ነው።

የዚያን ጊዜ የኤአይ ምስል መሥሪያዎች ከዛሬዎቹ አንጻር ደካማ ነበሩ። ታዲያ ምስሉ እንዴት አለፈ? እኔ እንደሚመስለኝ ጥርት ብሎ ስላማረ አይደለም። ያረጀ ፎቶ ስለመሰለ ነው።

ፎቶ መሳይ ምስል የሚባለውም ይኸው ነው፦ ካሜራ ያነሳው የሚመስል ምስል። ቆንጆ ምስል ማለት አይደለም። ጥራቱ ከፍ ያለ ማለትም አይደለም። ካሜራ የራሱ ጣጣ አለው። ብርሃን ሲያንሰው ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይረጫል። አንዱን ሲያጠራ ሌላውን ያደበዝዛል። በመስኮት ብርሃን የተነሳ ፊት አንድ ወገኑ ይፈካል፣ ሌላው ይጨልማል። የሰው ቆዳ ደግሞ ላብ አለው፣ ጠባሳ አለው፣ ቡግር አለው። ዓይናችን ይህን ሁሉ ለምዶታል። ሲጎድል ምን እንደጎደለ መናገር ባንችል እንኳ "ይሄ ነገር ኤአይ ነው" እንላለን።

ማሽኑ ይህን ጉድለት የሚያጠፋው ለምንድን ነው? ከአሠራሩ እንነሳ። አብዛኞቹ የዛሬ መሥሪያዎች የሠለጠኑት ዲፊውዥን በሚባል መንገድ ነው። ፎቶ ከነመግለጫው ይሰጣቸዋል። ከዚያ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ እየተጨመረ ምንም እስከማይለይ ድረስ ይበላሻል። ማሽኑ ያንን ነጠብጣብ መልሶ ማንሳት ይማራል። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ፎቶዎች ላይ ከተለማመደ በኋላ ነጠብጣብ ብቻ ሰጥታችሁት "ገበያ መሃል የቆመች እናት" ብትሉት፣ ደረጃ በደረጃ እያጠራ የጠየቃችሁትን ያወጣል።

የሚያወጣው ግን ያየውን የሚመስል ነው። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የማስታወቂያ ፎቶና የሞዴል ፎቶ ሞልቷል። በዚያ ላይ ኩባንያዎቹ ሰው የሚወደውን ምስል እያስመረጡ ማሽኑን ያርሙታል። ሰው ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቀርብለት አንጸባራቂው ይስበዋል። በዚህ መንገድ ነው ያ የምናውቀው የላስቲክ ቆዳ የሚመጣው፤ ፎቶ ቤት ሦስት ጊዜ ሪታች የተደረገ ፊት ይመስል።

ስለዚህ "የቱ ይበልጣል?" ለሚለኝ ሰው አንድ ስም አልሰጥም። ሥራው ምን እንደሆነ መጀመሪያ ይንገረኝ።

ሚድጆርኒን እንውሰድ። በማርች 2023 የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ወፍራም ነጭ ጃኬት ለብሰው የታዩበት ምስል ብዙ ሰው ሲያሞኝ የተሠራው በእሱ ነበር። (እጃቸውን በደንብ ያየ ሰው ግን ይነቃ ነበር።) ሚድጆርኒ ውበት ይወዳል። ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት የፊልም ፖስተር ይሰጣችኋል። ይህን የማሳመር ጠባዩን የሚቀንስ ሮው የሚባል ምርጫ አለው፤ ፎቶ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ሥራ እሱን ማብራት ነው። ክፍያው በወር ከ10 ዶላር ይጀምራል። አገር ቤት ላለን ሰዎች ከ10 ዶላሩ ይልቅ በዶላር የሚከፍለው የባንክ ካርድ ነው ፈተናው።

ቻትጂፒቲ በማርች 2025 በራሱ ምስል መሥራት ከጀመረ ወዲህ ትእዛዝ በመስማት ጎበዝ ሆኗል። "ሦስት ልጆች፣ መሃለኛው ቀይ ሹራብ፣ ከኋላቸው ሰማያዊ በር" ብትሉት የሚያምታታው እምብዛም ነው። መጀመሪያ ላይ ምስሎቹ ሁሉ ቢጫ ቢጫ ይሉ ነበር፤ ሰውም ቀልዶበታል። የጉግሉ ጀሚኒ ደግሞ በኦገስት 2025 ናኖ ባናና በሚል የቅጽል ስም የታወቀውን ሞዴል አመጣ። የእሱ ጉልበት ቀድሞ የተነሳን ፎቶ ማረም ላይ ነው። የራሳችሁን ፎቶ ሰጥታችሁ ልብሱን ወይም ከኋላ ያለውን ቦታ ብታስቀይሩት ፊታችሁን ለመጠበቅ ይጥራል። ሁለቱም በአማርኛ ቢታዘዙ ይገባቸዋል። ሚድጆርኒ ግን እንግሊዝኛ ይቀለዋል።

ፍላክስ ለየት ይላል። በኦገስት 2024 ያወጣው ብላክ ፎረስት ላብስ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነው። መሥራቾቹ ቀድሞ ስቴብል ዲፊውዥን የተባለውን የምስል ሞዴል ከሠሩት ሰዎች መካከል ናቸው። ያኔ የወጣው ሞዴል 12 ቢሊዮን መለኪያዎች (በሥልጠና የሚስተካከሉ የውስጥ ቁጥሮች) አሉት። ሳይጨመቅ ወደ 24 ጊጋባይት የግራፊክስ ካርድ ማኅደረ ትውስታ ይበላል፤ ተጨምቆ ግን በአነስተኛ ካርድም ይሠራል። አንዱ ስሪቱ ለንግድም ነጻ ነው፤ ሌላው ግን ለንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሳታነቡ አትነግዱበት። በጁላይ 2025 ክሪያ ከተባለ ኩባንያ ጋር ያወጡት ስሪት ደግሞ ዓላማው ይህንኑ የኤአይ መልክ ማስወገድ ነበር። ፍላክስን ብዙ ሰው የሚወደው ግን ሎራ በሚባል ዘዴ ስለሚሠለጥን ነው። ጥቂት ደርዘን የራሳችሁን ፎቶ ሰጥታችሁ የማያውቀውን ነገር ታስተምሩታላችሁ። ይህን ያዙልኝ።

የአዶቢው ፋየርፍላይ የድርጅት ማስታወቂያ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ኩባንያው ያሠለጠንኩት ፈቃድ ባላቸው ምስሎችና የባለቤትነት መብታቸው ባለፈ ሥራዎች ነው ይላል። ብሉምበርግ በ2024 እንደዘገበው ግን ከማሠልጠኛው ጥቂቱ፣ 5 በመቶ ገደማ፣ ራሱ በኤአይ የተሠራ ምስል ነበር። ያም ሆኖ ክስ ለሚያሰጋው ድርጅት ከሌሎቹ ይልቅ ልብ ያሳርፋል። በውበት ግን አልመርጠውም።

ይህን ስታነቡ ከነዚህ አንዱ አዲስ ስሪት አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስም ይልቅ ፈተና ይበጃል። ለእኛ ደግሞ የታወቀ ፈተና አለ፦ ቡና የምታፈላ ሴት።

ሁለት ሦስት መሥሪያ ላይ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ስጡ። ጀበናው አንገቱ ረጅም ነው ወይስ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሆኗል? ሲኒው እጀታ በቅሎበታል? ረከቦቱስ ረከቦት ነው ወይስ የሳሎን ጠረጴዛ? የቀሚሷ ጥለት መስመሩን ጠብቆ ይወርዳል ወይስ መሃል ላይ ሟሙቶ ሌላ ነገር ይሆናል? ሹሩባዋ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? የፓሪስ ካፌ ቢሠራ ፎቶ ነው ብላችሁ የምትምሉለት መሥሪያ እዚህ ጋ ሲንተባተብ ታዩታላችሁ። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። በደንብ የተገለጸ የጀበና ፎቶ በማሠልጠኛው ውስጥ ከካፌ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ሎራ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ስትፈትኑ ከአንዱ መሥሪያ ቢያንስ አራት ምስል አስወጡ። ከዚያ ምርጡን ሳይሆን መጥፎውን እዩ። አንድ ቆንጆ ምስል በዕድልም ይወጣል። ከአራቱ ስንቱ ለሥራ ይሆናል? እኔ የምመርጠው በዚህ ነው። ከኋላ ያሉትን ሰዎች አትርሱ፤ ማሽኑ የሚሰንፈው እነሱ ላይ ነው። ጥላውም ብርሃኑ ከመጣበት በተቃራኒ መውደቁን ተመልከቱ።

የትእዛዝ አጻጻፍም ከመሥሪያው ምርጫ አያንስም። ብዙ ሰው "ፎቶሪያሊስቲክ፣ 8ኬ፣ እጅግ የረቀቀ ዝርዝር" እያለ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ተቃራኒውን ነው። እውነተኛ ፎቶ አንስቶ "ፎቶሪያሊስቲክ" ብሎ የሚለጥፍ ሰው የለም። እንዲህ ያሉ ቃላት የሚገኙት በኮምፒውተር ከተሠሩ ሥዕሎች ጋር ነው። ይልቅ ፎቶው እንዴት እንደተነሳ ንገሩት፦ በስልክ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከግራ መስኮት በሚገባ ብርሃን፣ ትንሽ ተንቀሳቅሶ፣ ሴትዮዋ ካሜራውን ሳታይ። በፍላክስ ጋይዳንስ የሚባለውን፣ ማሽኑ ትእዛዙን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚከተል የሚወስነውን ቁጥር ዝቅ ማድረግም የቆዳውን ብልጭታ ይቀንሰዋል።

ዜና ላይ እንዳትጠቀሙበት ማለት አያስፈልገኝም። ጉግል ሲንትአይዲ የሚባል በዓይን የማይታይ ምልክት ምስሎቹ ውስጥ ያስገባል። ሌሎችም የምስሉን ምንጭ ፋይሉ ላይ ይጽፋሉ። ፋይሉ ላይ የተጻፈው ግን ሰው ስክሪንሹት ሲያነሳ ይጠፋል። ስለዚህ ከምስሉ ሥር "በኤአይ የተሠራ" ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉ።

የቀረው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የሱቅ ሰሌዳ ወይም የሰርግ መጥሪያ በአማርኛ ጻፍ ብትሉት፣ ላቲኑን አሳምሮ የሚጽፈው መሥሪያ ሳይቀር "ሀ"ን ከ"ሰ" አዳቅሎ የሌለ ፊደል ሊፈጥር ይችላል። ረዘም ሲል ይብሳል። ብዙ አትታገሉት። ሰሌዳውን ባዶ ተወው በሉት፣ ጽሑፉን በኋላ በካንቫ ወይም በፎቶሾፕ በራሳችሁ ፎንት ጻፉበት። ከዚያ ጽሑፉን ትንሽ አደብዝዙት፤ በጣም ጥርት ካለ ከፎቶው ተነጥሎ ያስነቃል።