«ቤት» ምንድን ነው?

አንዲት ጎረቤት አሉን፤ ሲመጡ የማንንም ስም አይጠሩም። ደጁን ገፋ ያደርጉና «ቤቶች!» ይላሉ። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ! ይግቡ፣ ይግቡ» ይባላሉ። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ «ቤቶች» ሲሉ ግድግዳውን አይደለም የሚጠሩት። እኛን ነው። አማርኛ ሰዎቹንም ቤት ይላቸዋል።

ቃሉ እጅግ የቆየ ነው። በግዕዝ «ቤት» ነው፤ በዐረብኛ «ባይት»፣ በዕብራይስጥም «ባይት»፣ በጥንታዊው አካድኛ ደግሞ «ቢቱ»። ሁሉም የሴም ቋንቋዎች ስለሆኑ አንዱ ከሌላው መዋስ አላስፈለገውም፤ ከአንድ ግንድ የወረሱት ነው። በዐረብኛ «ባተ» ማለት አደረ ማለት ነው። እኛም ቤትን ማደሪያ እንላለን። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሲመሽ የምትገባበት።

ፊደላችን ውስጥም ቤት አለ። የ«በ» የጥንት ስሟ «ቤት» ነው። በአበገደ ተራ 2ኛ፣ በግዕዙ ሀለሐመ ተራ 9ኛ ላይ ትገኛለች። ከ3,500 ዓመት በፊት በሲና በረሃ ድንጋይ ላይ የጻፉ ሰዎች ለዚህ ድምፅ የቤት ሥዕል ነበር የሚስሉት። ከፊንቄያውያን ወደ ግሪክ ሲሻገር «ቤታ» ሆነ፤ «አልፋቤት» የሚለው ቃልም ከአልፋና ከቤታ የተገጠመ ነው። አሁን «በ»ን ወረቀት ላይ ጻፏት። ሁለት ግድግዳ፣ ከላይ ጣሪያ፣ ከታች ክፍት። ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ ይህን ብናሳያቸው ምን ነበረበት? እኔ ካወቅሁ ወዲህ «በ»ን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ቃሉ ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። በግዕዝ ቤት ይቀድማል፦ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን። የላሊበላዎቹ ቤተ ጊዮርጊስና ቤተ ማርያምም እንዲሁ። በአማርኛ ግን ወደ ኋላ ይመጣል፦ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ቡና ቤት። «ቤተ ሙከራ» የዘመናችን ቃል ቢሆንም የተሠራው በግዕዙ ቅርፅ ነው። ዕብራይስጥም እንደ ግዕዝ ቤትን ያስቀድማል። እስራኤል የሄደ ወገናችን «ቤት ሴፈር» ሲባል የመጽሐፍ ቤት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ግን ቤተ መጻሕፍት መስሎት እንዳይሳሳት፣ እዚያ ትምህርት ቤት ማለት ነው።

የማይታዩ ቤቶችም አሉ። «ቤተሰብ» የግዕዙ ቤተ ሰብ ነው፤ ሰብ ሰው ነው፣ የሰው ቤት እንደ ማለት። «ጎረቤት» ውስጥም ቤት አለ፤ «ጎር» በግዕዝ ጎረቤት ማለት ነበር። በግጥም ደግሞ «በላ» እና «አጣላ» ቤት መቱ ይባላል፤ ቤታቸው «ላ» ነው። ብዛቱ የማይታወቅን ነገር «ቤት ይቁጠረው» እንላለን።

ከሁሉም የምወደው «ባለቤት» ነው። የንብረቱ ጌታ ባለቤት ነው። ሚስትም ባለቤት፣ ባልም ባለቤት፤ «ባለቤቴ መጣች» ወይም «ባለቤቴ መጣ» ስትል ነው የሚለየው። ሰዋስው ክፍል ስንገባም ይጠብቀናል። «አበበ በሶ በላ» ብሎ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፍና «ባለቤቱ ማን ነው?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አበበ!»