ዲፍ ሎክ ምንድን ነው? ለጭቃ መንገድስ በስንተኛ ተራ ይገዛል?

ባለፈው ጥቅምት ከጌራ እሸት ቡና ጭነን ወደ አጋሮ ስንወጣ ፒክአፗ ዳገት መሃል ቀጥ አለች። ፎር ዊል ገብቷል፣ ከባዱ ማርሽ ገብቷል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀምሯል። ረዳቱ ወርዶ አንዴ ዞራትና፣ "ጋሼ፣ የሚዞረው እኮ ሁለት ጎማ ብቻ ነው!" አለኝ። እውነቱን ነው። ከኋላ የግራው፣ ከፊት የቀኙ ቀይ ጭቃ እየረጩ በባዶ ይዞራሉ። ጠንካራ መሬት የረገጡት ሁለቱ ንቅንቅ አላሉም። እሸት ቡና ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፤ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያው ካልደረሰ ጆንያ ውስጥ ይሞቅና መብላላት ይጀምራል።

ጥፋቱ የዲፈረንሻሉ ነው፤ በግራና በቀኝ ጎማ መሃል ያለው፣ ጉልበቱን ለሁለቱም የሚያካፍለው የጥርስ ቤት። ጥፋት ማለቱ ራሱ ግፍ ነው እንጂ፤ ምስኪን የታዘዘውን ነው የሠራው።

መኪና ሲታጠፍ በውጪ በኩል ያለው ጎማ ከውስጠኛው የረዘመ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ብረት ላይ ቢቸነክሯቸው በየኩርባው አንዱ እየተፋተገ ይጎተት ነበር። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1827 ያስመዘገበው መላ ይህን ፈታ። ኮሮናው (ትልቁ ጥርስ) ላይ በታሰረው ቤት ውስጥ ያሉ ትንንሽ ጥርሶች አንዱ ሰሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ሲፈጥን ሌላው እንዲዘገይ ይፈቅዳሉ። ጅማን የሞሏት ባጃጆች እንኳ ኩርባ የሚቆርጡት ከኋላ ይህቺኑ ይዘው ነው።

ጣጣው ግን እዚህ ላይ ነው። ዲፈረንሻል ፍጥነት ያበላልጣል፣ ጉልበት ግን ለግራም ለቀኝም እኩል ነው የሚሰጠው። የእርሻ ቀንበር አስቡ። ቀንበሩ መሃሉ ላይ ከሞፈሩ ጋር በጠፍር ታስሯል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይወዛወዛል። አንደኛው በሬ ከለገመ፣ ሌላው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ቀንበሩ ይዞርበታል እንጂ ማረሻው አይሄድም። ብርቱው መጎተት የሚችለው ለጋሚው የጎተተውን ያህል ብቻ ነው። ጭቃ ላይ ያለው ጎማ ለጋሚው በሬ ነው፤ ጭቃው ምንም ስለማይዘው ምንም ጉልበት አይፈልግም። ደረቅ መሬት ላይ ያለውም ያንኑ "ምንም" ይካፈላል።

ዲፍ ሎክ ማለት ያ ቀንበር እንዳይወዛወዝ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ጥርስ ያለው አንድ ቀለበት ተንሸራቶ ይገባና ሁለቱን ሰሚያሶች እንደ አንድ ብረት ያዞራቸዋል። የግራው በባዶ መዞር ከፈለገ የቀኙም አብሮት መዞር አለበት፤ የቀኙ መሬት ይዟልና መኪናው ይወጣል። አንዳንዱ በአየር፣ አንዳንዱ በኤሌክትሪክ ይገባል፤ ትራክተር ላይ በእግር የሚረገጥ ነው። ሃይሉክስና ላንድክሩዘር 70 ላይ ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡ አሉ። ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው ሌላ ነው፤ በሚፋተጉ ሳህኖች ያግዛል፣ የራሱን ዘይት ይፈልጋል፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን እምብዛም አያድንም። ተራው ፎር ዊል ደግሞ ፊትንና ኋላን ያስራል፣ ግራና ቀኝን አያስርም። የኔ ፒክአፕ በሁለት ጎማ የቀረችው ለዚህ ነው።

መኪናችሁ የትኛው እንዳለው ለማወቅ ሜዳ ላይ አቁሙና የፊት ጎማዎቹን ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። የኋላውን በክሪክ አንስታችሁ ድጋፍ ካደረጋችሁ በኋላ አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩት። ሌላው በተቃራኒው ከዞረ ተራ ዲፈረንሻል ነው። ካስቸገራችሁ ሊሚትድ ስሊፕ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ብር ጉዳይ። አንድ የሰፈራችን ልጅ መኪናውን ከፍ አድርጎ ከ29 ኢንች ወደ 33 ኢንች ጎማ ሊቀይር ሲያጠራቅም አገኘሁት። ያምራል፣ አልክድም። ግን ቁጥሩን አብረን ሠራነው። 33 ለ29 ሲካፈል 1.14 ገደማ ነው፤ ጎማው በአንድ ዙር 14 በመቶ ርቆ ይሄዳል፣ ዳገት የመውጫ ጉልበቱ ግን 12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዳሽቦርዱ 80 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 91 ይሆናል። የድሮውን ጉልበት ለመመለስ ኮሮናውንና እሱን የሚያዞረውን ትንሹን ጥርስ፣ ፒኞኑን፣ መቀየር አለበት፤ ኮሮናው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ 3.9 ጊዜ ይዞር የነበረው ወደ 4.4 አካባቢ ይሁን፤ ፎር ዊል ስለሆነ ፊትም ኋላም፣ ሁለቱም እኩል። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ጭቃ ላይ አሁንም አንድ ጎማ በባዶ ሲዞር ሌላው ቆሞ ያያል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ በዚያው በድሮው ልክ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ እገዛለሁ። ባዶ መኪና ከሆነ ጭቃው ጋ ስደርስ ከ35 ወደ 20 ምናምን ፒኤስአይ ንፋስ አወርዳለሁ፤ ይህ በነጻ ነው፣ ስትወጡ ግን መንፊያ መያዝ ግድ ነው። ቀጥሎ ማንም የማያስበውን የዲፈረንሻል መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ አስረዝማለሁ። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና ውሃ ይስባል፤ ዘይቱን ስታወርዱት ማኪያቶ መስሎ ይመጣል። ከዚያ የኋላ ዲፍ ሎክ። የኋላ የምለው ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ነው፣ ጭነትም ያለው እዚያው ነው። የፊት ዲፍ ሎክ መሪ ያከብዳል፣ ጎማው ታጥፎ ሳለ ጉልበት ሲበዛበትም የፊት ሰሚያሱ ጆይንት ይሰበራል። ቸኩሎ የሚገዛው ሰው አይገባኝም። ትራክሽን ኮንትሮል ያለው አዲስ መኪና የያዘ ግን ይታገስ፤ በባዶ የሚዞረውን ጎማ በፍሬን ስለሚይዘው ሥራውን በከፊል ይሠራለታል።

ዲፍ ሎክ ተገዛ ማለት ሁሌ ይገባል ማለት አይደለም። ከጭቃው በፊት ቆማችሁ አስገቡት፤ ጎማ በባዶ እየዞረ ሳለ ማስገባት ጥርስ ያረግፋል። አስፋልት ላይ ረስታችሁት ከታጠፋችሁ ሰሚያሱ ይጠመዘዛል። የእኛ አገር ቀይ ሸክላ መንገድ ደግሞ መሃሉ ያበጠ፣ ጎንና ጎኑ ወደ ቦይ ያዘነበለ ነው። እዚያ ላይ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው በባዶ ሲዞሩ ወደ ጎን የሚይዝ ነገር አይኖርም፣ ቂጧ እየተንሸራተተች ቦይ ትገባለች። ሳይታሰር ግን የማይዞረው ጎማ እንደ መልህቅ ይይዛል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፈትቼው በቀስታ ማለፍን እመርጣለሁ።

ያን ቀን እኔ ዲፍ ሎክ አልነበረኝም። የነበረኝ የእጅ ፍሬን ነው። ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ስቤ ቤንዚን ቀስ አድርጌ ሰጠኋት። ፍሬኑ በባዶ የሚዞረውን ጎማ ትንሽ ሲይዘው ያችው ትንሽ ጉልበት ለቀኙም ተካፈለች። ይህ የሚሠራው የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዝ ከሆነ ነው፤ እንደ ድሮው ላንድሮቨር ትራንስሚሲዮን ላይ ከሆነ አትድከሙ። ረዳቱ ከጎማው ሥር የእንሰት ቅጠልና ድንጋይ ጎዘጎዘ፣ በሦስተኛው ሙከራ ወጣች። መፈልፈያው ስንደርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። መዛኙ አንዱ ጆንያ ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ፣ ሙቀቱን ትንሽ ቆይቶ አዳመጠና፣ ምንም ሳይናገር በአገጩ ወደ ሚዛኑ ጠቆመን።